የአስናቀ መርሻ አሥራ ሁለት ደቂቃ

ወንድሜ አስናቀ መርሻ የተወለደው ጥር 18 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው፤ አሰላ። ክርስትና የተነሣበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት እኔ ዘንድ አለ። ዕድሜው ኋላ ስለሚያስፈልገን ከዚሁ ልጀምር።

አባታችን ፎቶ ቤት ነበረው። በ1966 ሲያርፍ አስናቀ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤት ይጠብቅ ነበር። ውጤቱ መጣ፤ አልፏል። ካሜራውን የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ግን አልሄደም። ከአራት ዓመት በኋላ እኔ፣ ታናሽ እህቱ፣ ሄድሁ። ታሪክ ተምሬ ተመለስሁና የአስተዳደሩ መዝገብ ቤት ተቀጠርሁ። ከዚያ በኋላ እሱ የሰዉን ፊት፣ እኔ የሰዉን ወረቀት ስናስቀምጥ ኖርን።

አብዛኛው ሥራው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነበር። አንድ ቀን ከጢቾ የመጡ ሽማግሌ ካሜራው ፊት ተቀምጠው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አባቴ፣ ፊትዎን ፈታ ያድርጉልኝ። መታወቂያ ነው እንጂ ክስ አይደለም» አላቸው።

«ዛሬ ምን ልዩነት አለው ልጄ?» አሉት።

አስናቀ ሳቁን መያዝ አቅቶት ካሜራውን አነቃነቀውና አንድ ፊልም አበላሸ። የሚስቅ ሰው ነበር። ይህን የምጽፈው ኋላ በስሙ የተከፈተው ፋይል ውስጥ ስለሌለ ነው።

በዚያ ዘመን የሩስያ መጻሕፍት እንደ ልብ ይገኙ ነበር። ከመካከላቸው ስለ ሰማይ የተጻፈ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛ። በመጽሐፉ ውስጥ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ፎቶ አለ፤ ከእኛው የከዋክብት መንደር ውጭ ያለ ሌላ የከዋክብት መንደር። ብርሃኑ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ሚሊዮን ዓመት እንደሚፈጅበት እራት ላይ ነገረን።

እናታችን ወይዘሮ ወለተ ማርያም ጉርሻዋን ሳትውጥ፣ «ሁለት ሚሊዮን ዓመት የቆየ ነገር ምን ይሠራልሃል? እኛ የትናንት ወጥ እንኳ እንፈራለን» አለችው።

ኅዳር 1976 ሲሬ ሠርግ አንሥቶ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና መንገድ ላይ ተበላሸ። ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ሲገባ አስናቀ ወርዶ ወደ ሰማይ ቀና አለ። በሰሜን በኩል፣ መጽሐፉ በሚለው ቦታ ላይ፣ ጭጋግ የመሰለች ነገር በዓይኑ አየ። ቤት እንደ ገባ ጫማውን ሳያወልቅ «አየኋት!» አለኝ። ምኑን እንዳየ ገባኝ። እማዬ ግን ሚስት ያገኘ መስሏት እልል ልትል ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ያችን ጭጋግ በራሱ ካሜራ፣ ከገዛ ጓሮው፣ ፊልም ላይ ማስቀረት።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሰማዩ ይዞራል። ካሜራው ባለበት ቆሞ ለብዙ ደቂቃ ከተከፈተ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። ስለዚህ ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞር ነገር ያስፈልጋል። አስናቀ ሦስት ምሽት ሒሳብ ሠራ፤ እኔ አረጋገጥሁለት። ከዚያ ጎረቤታችን አናጺው ሁሴኖ ሁለት ጣውላ በበር ማጠፊያ አያያዘለት። ከማጠፊያው ሃያ ሦስት ሳንቲሜትር ሊሞላ አንድ ሚሊሜትር ሲቀረው በተበሳ ቀዳዳ ረጅም ብሎን ገባ። ብሎኑ በየአሥራ አምስት ሰኮንዱ ሩብ ዙር ከተጠመዘዘ የላይኛው ጣውላ ካሜራውን እንደ ተሸከመ በሰማዩ ፍጥነት ቀስ እያለ ይከፈታል። ማጠፊያው ወደ ሰሜኑ ኮከብ ማነጣጠር አለበት። ኮከቡ እኛ አገር ከአድማስ ብዙም ከፍ ስለማይል ጣውላው ሊተኛ ትንሽ ነበር የቀረው።

ሁሴኖ ሥራውን ሲያስረክብ አገላብጦ አየው።

«አቦ አስናቀ፣ በር ነው እንዳልል ቤት የለው። ሳጥን ነው እንዳልል ሆድ የለው። ምኑን ልትዘጋበት ነው?»

«ሰማዩን ልከፍትበት ነው።»

«ወላሂ እንደዚያ ከሆነ ማጠፊያውን ዘይት ቀባው። ሲጮህ መላኢካ እንዳይነቃብህ።»

ጣውላው ሳይሞከር መብራቱ መጣ። በ1978 ከቀበሌያችን የሕብረት ሱቅ ስኳር ተሰረቀ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከጓሯችን በስተሰሜን አጥር ለአጥር ነው። ለጥበቃ ተብሎ ጣሪያው ላይ ትልቅ ፓውዛ ተተከለ፤ ወደ ሱቁ የዞረ ቢሆንም ግማሹ ብርሃን እኛ ጓሮ ይወድቅ ነበር። በምሽት የጎመናችንን ቅጠል ጅማት መቁጠር ይቻል ጀመር። የሰሜኑ ኮከብ ጠፋ። ጭጋጓማ ጨርሳ የለችም።

አስናቀ ብርድ ልብስ በገመድ ሰቀለ። ሌንሱ ላይ የካርቶን ቱቦ አጠለቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ በደረቁ ወራት፣ ጨረቃ በሌለችባቸው ምሽቶች ሞከረ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ደቂቃውንና ውጤቱን ይጽፋል። የውጤቱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ነው። ነጣ። ነጣ። ነጣ። የታተመው ወረቀት ላይ የሚታየው ግራጫ ብቻ ነበር፤ ውሃ የበዛበት ወተት ይመስል።

በ1980 ኅዳር ላይ ደካማ ብርሃን የሚይዝ አንድ የጀርመን ፊልም ብቻ ቀረው። ጨረቃ የማትኖርበት ምሽት ከኅዳር ሚካኤል ጋር ገጠመ። በዚያ ቀን ከተማው በሙሉ ቆሻሻ ስለሚያቃጥል ሰማዩ ጭስ ነው። ስለዚህ ለታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ፣ ቀጠረው።

«ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢያጠፉልኝ» አለኝ።

«ጠይቃቸዋ።»

«አንቺ ጻፊልኝ። በእኔ እጅ ከተጻፈ ልመና ይመስላል።»

ጻፍሁለት። በቢሮዬ የጽሕፈት መኪና፣ በቁጥርና በቀን፣ ጉዳዩን በአንድ መስመር አስቀድሜ። ከምሽቱ 2፡00 እስከ 2፡30 የጽሕፈት ቤቱ የውጭ መብራት እንዲጠፋለት ይጠይቃል። ከግርጌው ግልባጭ ደረደርሁ፤ ለአብዮት ጥበቃ ጓድ፣ ለሕብረት ሱቁ፣ ለሴቶች ማኅበር፣ ለወጣቶች ማኅበር። አስናቀ አንብቦ ሳቀ።

«ወይንሸት፣ አንድ አምፖል ነው እኮ! ለሴቶች ማኅበር ምን አገባቸው?»

«ነገ ማን አጠፋው ሲባል ሁሉም ያውቀዋል። ሰነድ ያለው ሰው አይጠየቅም።»

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ያስተማረኝ ይህን ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አሳምነው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። እኔም አብሬ ቆሜ ነበር።

«አንድሮሜዳ ማን ናት?»

«ጋላክሲ ናት፣ ጓድ ሊቀ መንበር። የከዋክብት ስብስብ።»

«በማን የተደራጀ?»

አስናቀ ከንፈሩን ነከሰ። «በተፈጥሮ» አለ።

«ይህን ነገር አሜሪካኖች አይደሉም የነገሩህ?»

«መጽሐፉ የሩስያ ነው።»

ሩስያ የምትለው ቃል ፊቱን ፈታችው። ማኅተሙን እያሟሸ፣ «ለካ የሰማዩን ታነሣለህ፤ እኛን የምድሮቹን መቼ ነው የምታሳድገን? ግድግዳ የሚሞላ እፈልጋለሁ። ከነመነጽሬ» አለ። «ተፈቅዷል» ብሎ ፈረመበት።

የወጣቶች ማኅበሩ ጸሐፊ ለእሱ የደረሰውን ግልባጭ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። እንደ ደንቡ ነው። አምስት ቀን እዚያው ሰነበተ። በዚያ ሳምንት ለብሔራዊ ውትድርና የተያዙ ሠላሳ አንድ ልጆች የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ መኪና ይጠብቁ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ጠዋትና ማታ ምግብ ያመላልሱላቸዋል፤ ሰሌዳው ያለው በሩ አጠገብ ነው። ልጆቹ እዚያ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ደብዳቤውን ስጽፍ ግን አላሰብኋቸውም።

ታኅሣሥ 9 ከምሽቱ 2 ሰዓት መብራቱ ጠፋ። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆየን። ከዚያ አስናቀ ክንዴን ያዘና ጣቱን ዘረጋ። አየኋት። ለስድስት ዓመት ገደማ ስሟን ብቻ ስሰማ ነበር። ማየቴን አላመንሁም፤ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ሰማዩን ነክቶ ያደበዘዘው ይመስል ነበር።

ማጠፊያውን ወደ ሰሜኑ ኮከብ አስተካከለ። እኔ እጅ ሰዓቴን በትንሽ ቀይ ባትሪ እያየሁ እቆጥራለሁ። በየአሥራ አምስት ሰኮንዱ «አሁን» እላለሁ፤ እሱ ብሎኑን ሩብ ዙር ያዞራል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ማለት አርባ ስምንት «አሁን» ነው። 2 ሰዓት ከ10 ላይ ካሜራውን ከፈተ።

«አሁን።»

«አሁን።»

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ከአጥሩ ማዶ ቆርቆሮ ሲገነጠል ሰማን። የሚሮጥ እግር፣ ከዚያ «ያዘው! በስተኋላ ነው!» የሚል ጩኸት። ዝም አልሁ።

«ቁጠሪ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አስናቀ፣ ሰው...»

«ቁጠሪ እንጂ!»

ሁለት «አሁን» ካለፈኝ በኋላ ቀጠልሁ። እሱ ያመለጠውን ባንድ ጊዜ ግማሽ ዙር አዙሮ ደረሰበት። እስከ አርባ ስምንተኛው ቆጠርን። መብራቱ እስከ 2 ሰዓት ከ40 አልበራም፤ ማብሪያው ያለበት ክፍል ተቆልፎ ቁልፉ ጓድ አሳምነው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ጓድ አሳምነውም የት እንዳመሸ የሚያውቅ አልተገኘም።

ዘጠኝ ልጆች አመለጡ።

አስናቀ ያንኑ ምሽት ፊልሙን የሚያጥብ መስሎኝ ነበር። የማጠቢያው መድኃኒት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ስለ ነበር፣ «ነገ በቀን፣ ተረጋግቼ» አለ። ፊልሙን በቆርቆሮ ማስቀመጫው ውስጥ ዘግቶ ተኛ። በማግሥቱ ከቅዳሴ በፊት የአብዮት ጥበቃዎቹ መጡ። ካሜራውን፣ ጣውላውን፣ ደብተሩን፣ ቆርቆሮውን ወሰዱ። እሱንም።

አዳራሹ ውስጥ አራት ቀን ተያዘ፤ ልጆቹ ባመለጡበት በዚያው አዳራሽ። ሐሙስ መኪናው ሊመጣ ነው፤ ከቀበሌው የሚፈለገው ሠላሳ አንድ ሰው ነው። ረቡዕ ማታ የአስናቀ ስም ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ሰማሁ። ሕጉ የሚለው እስከ ሠላሳ ዓመት ነው። የክርስትና ወረቀቱን ይዤ ጓድ አሳምነው ዘንድ ሄድሁ።

«ሠላሳ ስድስት ሊሞላው አንድ ወር ነው የቀረው። ይኸው» አልሁት።

ወረቀቱን አልተቀበለኝም። «እኛ የምንመዘግበው ፊት አይተን ነው። ወንድምሽ ወጣት ይመስላል። ፎቶ አንሺ አይደል፣ ራሱን አሳምሮ ይዟል።» አጠገቡ የነበሩት ሳቁ።

«ፈቃዱን የፈረሙት እርስዎ ነዎት፣ ጓድ።»

«እኔ የፈረምሁት ለኮከብ ነው። ለዘጠኝ ሰው አይደለም።»

ታኅሣሥ 14 ጠዋት መኪናው ላይ ነበር። እማዬን ሁሴኖ ይዟት ነበር። እኔ ጎማው ላይ ወጥቼ ጠርዙን ያዝሁ። አስናቀ ጎንበስ አለልኝ።

«ሃያ ዲግሪ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ሌላ ሰው ካጠበው እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ። በዝቶ ከታጠበ ይጠቁራል።»

«አሁን ስለ ፊልም ነው የምታወራኝ?»

«ሌላም አለ። ጓሮው ውስጥ የነበርሁት ብቻዬን ነው። ገባሽ? ብቻዬን።»

አልገባኝም። ገባኝ አልሁት። መኪናው ሄደ።

አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ግንቦት 1980። ሰሜን ያለው ሰማይ ጥሩ ነው፣ ፓውዛ የለም፣ ይላል። ከዚያ ዝም አለ። ሰኔ 1981 የሲሬ ልጅ የሆነ ጉደታ የሚባል ወታደር በክራንች ቤታችን መጣ። አብሮት ነበር። መሞቱን ነገረን።

«መቼ?» አልሁት።

«እህቴ፣ ቀን አልያዝሁም። ከጥምቀት በፊት ይመስለኛል። ወይ ወዲያው በኋላ።»

«ቦታው?»

«ኮረብታ ነው። ስም ነበረው፤ አሁን ጠፋኝ።»

ከመንግሥት ምንም ወረቀት አልመጣም። እማዬ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ላይ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቀኑ ካልታወቀ አርባው ከየት ይቆጠራል?» አርባ ሳይወጣለት፣ ሙት ዓመት ሳይኖረው ተቀመጠ። ለሞተ ሰው ከሁሉም ነገር የሚተርፈው ቀኑ ብቻ ነው፤ እሱ ያችንም አላገኘም።

በ1982 የተዘጉ የቀበሌ ፋይሎች እኛ መዝገብ ቤት እንዲቀመጡ ታዘዘ። በጆንያ መጡ። መለየት የእኔ ሥራ ነበር። የእሱን በአምስተኛው ቀን አገኘሁት፤ ሃያ ሦስት ገጽ።

ገጽ 2 የእኔ ደብዳቤ ነው፤ አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም። «ተፈቅዷል» የሚለው ፊርማ ያለበት ቅጂ ግን የለም። ገጽ 9 ላይ አንድ ጥበቃ፣ ልጆቹ ከማምለጣቸው በፊት ከአስናቀ ጓሮ የሴት ድምፅ «አሁን፣ አሁን» እያለ ምልክት ሲሰጥ ሰምቻለሁ ብሎ መስክሯል። ገጽ 11 የአስናቀ ቃል ነው። ሴት አልነበረችም፤ የቆጠርሁት ራሴ ነኝ፤ ቀስ ብዬ ስናገር ድምፄ ይቀጥናል ብሏል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ድምፁን እንዲያሰማ ታዝዞ ሃያ ጊዜ ያህል አሰምቷል። በስብሰባው ላይ ሳቅ ሆኗል። ከተሰማው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል።»

ይህን ገጽ አንብቤ ፋይሉን ዘጋሁት። በዚያ ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ገጽ 17 ዕድሜውን 28 ይላል። ገጽ 22 ላይ በፖስታ ውስጥ የታጠበ ፊልም አለ። ሌላ ፎቶ ቤት ሰጥተው አሳጥበውታል። አስተያየቱ አጭር ነው፦ «ከጥቁር ነጠብጣብ በስተቀር ምንም የሌለው የተበላሸ ፊልም። ተከሳሹ ፎቶ ላነሣ ነበር ያለው ሐሰት መሆኑን ያረጋግጣል።»

ያጠበው ባለሙያ የፈለገው የሰው ፊት ነበር። ፊልም ላይ ብርሃን ጥቁር ሆኖ እንደሚወጣ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ፊልሙን በስሜ ፈርሜ አወጣሁት። ሁለት ዓመት ተዘግቶ የቆየውን ጨለማ ክፍል ከፈትሁ። ወረቀቱ አርጅቶ ነበር፤ አራተኛው ላይ ተሳካ። ከዋክብቱ አንድ በአንድ ነጥብ ናቸው። መካከላቸው ከምስር ቅንጣት የማትበልጥ፣ ዙሪያዋ የደበዘዘ፣ ዘንበል ያለች ብርሃን አለች። ከእያንዳንዱ ኮከብ ጎን ደግሞ አንድ ዓይነት ትንሽ ጭራ ወጥቷል፤ በሁሉም ላይ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ርዝመት። በመጀመሪያ የሁሴኖ ጣውላ ያመጣው ጉድለት መሰለኝ። ኋላ ገባኝ። እኔ ዝም ያልሁባቸው ሠላሳ ሰኮንዶች ናቸው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንድ ሰው እዚያ ቆሞ በየአሥራ አምስት ሰኮንዱ ብሎን ያዞር ነበር። ፎቶ ከማንሣት ሌላ ሥራ እንዳልነበረው ፊልሙ ራሱ ይመሰክራል። ማስረጃው ገጽ 22 ላይ ነበር፤ የሚያነበው ሰው ግን መኪናው ላይ ወጥቷል።

ፎቶውን አያይዤ ፋይሉ እንዲታረም አመለከትሁ፤ ዕድሜው፣ ድምፁ፣ ፊልሙ። ድምፁ የእኔ እንደ ነበር ፈርሜ ጻፍሁ። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የተዘጋ ፋይል አይታረምም፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛም በያዘችው ሰነድ ጉዳይ ባለጉዳይ ልትሆን አትችልም። ደንቡ ትክክል ነው። ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔው ነኝ።

ፎቶውን ለእማዬ አሳየኋት። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ይቺን ለማየት ነው ልጄ የሄደው?»

ጭራዎቹን በጥፍሬ እያሳየሁ የአሥራ ሁለቱን ደቂቃ ታሪክ ነገርኋት፤ የቆጠርሁት እኔ መሆኔን ጭምር። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር።

«ቀኑ መቼ ነበር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ታኅሣሥ 9።»

«እንግዲያው ሙት ዓመቱ በእሱ ይሁንለት።»

«እማዬ፣ ያን ቀን አልሞተም እኮ።»

«አንቺ ሌላ ቀን አለሽ?»

አልነበረኝም። ለቄሱ የሚሰጠውን ወረቀት እኔ ጻፍሁት፤ የክርስትና ስሙን፣ ከሥሩ ቀኑን። ስምንት ዓመት በሠራሁበት ሙያ ትክክል አለመሆኑን እያወቅሁ የጻፍሁት ቀን ይህ ብቻ ነው። ግልባጭ አላደረግሁለትም።